የጥራጥሬ ፍሬ ፕሮቲኑን ከየት ያመጣዋል?

ከወልድያ ወደ መርሳ ስንጓዝ በሐብሩ ወረዳ ጤፍ፣ ማሽላና ጥራጥሬ በአንድ አፈርና በአንድ ዝናብ ሲበቅሉ እናያለን። ሆኖም 100 ግራም ጤፍ 10 ግራም ያህል ፕሮቲን ሲይዝ፣ ያንኑ የሚያህል ሽምብራ ወይም ማሾ ወደ 20 ግራምና ከዚያ በላይ ይይዛል። ልዩነቱ ከየት መጣ? እኛ የፊዚክስ መምህራን ሒሳብ የምንጀምረው «ምን ገባ? ምን ወጣ?» ብለን ነውና ከዚያው እንነሣ።

ገቢው ናይትሮጂን ነው። የአየር 78 በመቶ ናይትሮጂን ቢሆንም ሁለቱ አተሞች በጠንካራ ማሰሪያ ስለ ተያያዙ ተክል በቀጥታ አይጠቀምበትም። በጥራጥሬ ሥር እባጮች የሚኖሩት የራይዞቢየም ባክቴሪያዎች ግን ናይትሮጂኔዝ በተባለ ኢንዛይም ወደ አሞኒያ ይለውጡታል። ለአንድ የናይትሮጂን ሞለኪውል ቢያንስ 16 የኤ.ቲ.ፒ. ሞለኪውሎች ይወጣሉ፤ ወጪውን በስኳር የሚሸፍነው ተክሉ ነው። አሞኒያውም በሌሎች ኢንዛይሞች አማካይነት አሚኖ አሲድ ሆኖ ወደ ፍሬው ይጓዛል።

ዘረ-መሎች በየሕዋሱ ቢኖሩም ሁሉም በየቦታው አይሠሩም። ሌጉሚንና ቪሲሊን የተባሉትን የክምችት ፕሮቲኖች የሚያዙት ዘረ-መሎች በቅጠል ውስጥ ዝም ይላሉ፤ ፍሬው ሲሞላ ግን ይነቃሉ። ትእዛዙ ብቻውን ግን አይበቃም፤ ጥሬ ዕቃም ያስፈልጋል። በ2004 እ.ኤ.አ. የጀርመን ተመራማሪዎች ካርቦንን ወደ አሚኖ አሲድ ሥራ የሚመራ የባክቴሪያ ኢንዛይም በአንድ የባቄላ ዘመድ ፍሬ ውስጥ እንዲሠራ ቢያደርጉ፣ በግራም ፍሬ የሚገኘው ፕሮቲን እስከ 20 በመቶ ጨመረ።

እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ ያሻል። ዝናብ ቀድሞ ሲቋረጥ የስታርች ክምችት ከፕሮቲኑ ይልቅ ሊጎዳ ይችላል። ለምሳሌ 200 ሚሊግራም የሚመዝን ፍሬ 20 በመቶ ፕሮቲን ካለው 40 ሚሊግራም ይሆናል። ድርቅ ያኮሰመነው 150 ሚሊግራም ፍሬ 24 በመቶ ቢኖረውም የሚይዘው 36 ብቻ ነው። በመቶኛው ከፍ አለ፤ የገበሬው ቤተሰብ ድርሻ ግን ቀነሰ። ስለዚህ ዝርያ ሲመረጥ መቶኛው ከምርቱ ጋር ተባዝቶ መታየት አለበት። በዚያው መንገድ ላይ ባለው የሲሪንቃ ግብርና ምርምር ማዕከል አካባቢ ለምትማሩ ወጣቶች ይህ የቅርብ ጥያቄ ነው።

እስከዚያው ማሾ ሲያብብ አንድ ተክል በጥንቃቄ ነቅላችሁ የሥሩን እባጭ ሰንጥቁ። ውስጡ ቀላ ካለ ናይትሮጂን የመያዙ ሥራ እየተካሄደ ነው፤ አረንጓዴ ወይም ነጭ ከሆነ ግን ሥራው ቆሟል፣ ወይም ገና አልተጀመረም።