ልጅ ሲጠፋ ባልም ይመርመር



ይህን ርዕስ እንዳነሳ ያስገደደኝ በቅርብ የማውቃት የአንዲት እህት ጉዳይ ነው። በትዳር ሰባት ዓመት ስትቆይ ልጅ አልወለደችም። ከሐኪም ሐኪም ተመላለሰች፤ ማህፀኗ ታየ፣ ደሟ ተመረመረ፣ አማቶቿ ያዘዟትን ሁሉ ጠጣች። ባሏ ግን አንድ ቀን እንኳ ለምርመራ አልቀረበም። በመጨረሻ በዘመድ ግፊት ሁለተኛ ሚስት አገባ። ከእርሷም ልጅ ሳይገኝ ሦስት ዓመት ካለፈ በኋላ ነው የዘር ፈሳሹን ያስመረመረው። ችግሩ የእርሱ ሆኖ ተገኘ። ያቺ እህት «አሥር ዓመት መካን የተባልኩት በሰው ስም ነው» ስትለኝ የምመልሰው አጣሁ።

ለመሆኑ መካንነትን የሴት ብቻ ያደረገው ማነው? ዲናችን አይደለም። በሱረቱ አሽ‑ሹራ (42፡49‑50) አላህ (ሱ.ወ.) ለሻው ሴት፣ ለሻው ወንድ ልጅ እንደሚሰጥ፣ የሻውንም መካን እንደሚያደርግ ሲነግረን ወንድን ለይቶ አላወጣም። በሱረቱ መርየም መጀመሪያ ላይ ነቢዩላህ ዘከሪያ (ዐ.ሰ.) ልጅ ሲለምኑ በቅድሚያ ለጌታቸው የነገሩት የራሳቸውን አጥንት መድከምና የራሳቸውን ሽበት ነው። የባለቤታቸውን መካንነት ያነሱት ከዚያ በኋላ ነው። ሰይዲና ዑመርም (ረ.ዐ.) መካን የሆነ አንድ ሰው ማግባቱን ሲሰሙ፣ ሁኔታውን ለሚስቱ ነግሮ ምርጫ እንዲሰጣት ማዘዛቸው ተዘግቧል። እነዚያ ነቢይ ያላፈሩበትን፣ እኚህ ኸሊፋ ያልሸፋፈኑትን ነገር እኛ ለምን እንደብቀዋለን?

ሕክምናውም የሚለን ይህንኑ ነው። ልጅ ካጡ ባልና ሚስቶች ወደ ግማሽ በሚጠጉት ዘንድ የወንዱ ችግር ብቻውን ወይም ከሴቷ ችግር ጋር ተደርቦ ይገኛል። የወንዱ የመጀመሪያ ምርመራ ደግሞ ከሴቷ ይልቅ ቀላል ነው፤ ከ2 እስከ 7 ቀን ከግንኙነት ተቆጥቦ የዘር ፈሳሹን ለላብራቶሪ መስጠት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው መመሪያ የታችኛው መለኪያ በአንድ ሚሊ ሊትር 16 ሚሊዮን የዘር ሕዋስ ነው። ከዚህ ያነሰ ሁሉ አይወልድም ማለት አይደለም፤ ምርመራው ተደግሞ ምክንያቱ ይፈለጋል። በዘር ፍሬ ዙሪያ ያሉ የደም ሥሮች ማበጥ፣ ለአቅመ አዳም ከደረሱ በኋላ የያዘ ጆሮ ደግፍ፣ ሲጋራ፣ ጡንቻ ለማፈርጠም የሚወሰድ የወንድ ሆርሞን ከምክንያቶቹ መካከል ናቸው። አንዳንዱ በመድኃኒት፣ አንዳንዱ በቀዶ ሕክምና ይስተካከላል።

ይህ ካልሆነም መንገዱ አልተዘጋም። ችግሩ ቀለል ያለ ሲሆን የባልየው ዘር በላብራቶሪ ተጣርቶ በቀጭን ቱቦ ወደ ሚስቱ ማህፀን ይገባል። ከበድ ሲል ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1992 ብራስልስ ላይ የተሠሩ ሐኪሞች ውጤቱን ያሳወቁት «ኢክሲ» የሚባል ዘዴ አለ። በዚህ ዘዴ አንዲት የዘር ሕዋስ በረቂቅ መርፌ ወደ ሚስት እንቁላል ውስጥ ትገባና ጽንሱ ወደ ማህፀን ይመለሳል። በፈሳሹ ውስጥ ምንም ዘር ካልታየባቸው ወንዶች መካከል እንኳ ከፍሬያቸው ተወስዶ የሚሠራላቸው አሉ።

«ይህ በአላህ ሥራ መግባት አይሆንም ወይ?» የሚል ጥያቄ ይነሳል። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) መታከምን አዘዋል፤ ሐኪሙም ሰበብ ነው እንጂ ፈጣሪ አይደለም። ዓለም አቀፉ የእስልምና ፊቅህ አካዳሚ እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1986 ዐማን ላይ ሰባት ዘዴዎችን መርምሮ አምስቱን ከልክሏል። ሁለቱን፣ ማለትም የባልየው ዘርና የሚስቲቱ እንቁላል በራሷ ማህፀን ውስጥ ወይም ከውጭ ተገናኝተው ወደራሷ ማህፀን የሚመለሱበትን፣ አስፈላጊ ሲሆን አስፈላጊው ጥንቃቄ ሁሉ ተደርጎ ፈቅዷል። የባዕድ ወንድ ዘር፣ የባዕድ ሴት እንቁላል፣ የኪራይ ማህፀን፣ የሁለተኛዋ ሚስት ማህፀን እንኳ ሳይቀር ተከልክሏል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ነሰብ እንዳይደባለቅ፣ ልጅም አባቱንና እናቱን እንዲያውቅ ነው። ኒካሑ ከፈረሰ ወይም ባል ከሞተ በኋላም የተቀመጠ ዘሩን መጠቀም ዑለማእ አይፈቅዱም።

እንግዲህ ወደ ሐኪም የሚሄዱ ባልና ሚስት ሁለት ነገር ይጠይቁ። አንደኛ፣ ናሙናችን ከሌላ ሰው ጋር እንዳይቀያየር ምን ታደርጋላችሁ? ሁለተኛ፣ ከእኛ ከሁለታችን በቀር የሌላ ሰው ነገር እንደማይገባ ታረጋግጣላችሁ ወይ? ወጪው ከባድ መሆኑንና እያንዳንዱ ሙከራ ልጅ እንደማያስገኝ፣ የሚስት ዕድሜ በጨመረ ቁጥርም ዕድሉ እንደሚቀንስ አስቀድመው ይወቁ። ባል በኀፍረት የሚያባክነው ዓመት ከሚስቱ ዕድሜ የሚቆረጥ ነው። በአገራችንም አገልግሎቱ በ2011 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል፣ በመንግሥት ተቋም ደረጃ ተጀምሯል።

ሞክረው ያልተሳካላቸው ሶብር ያድርጉ፤ የቲምን በአባቱ ስም እየጠሩ ማሳደግም ትልቅ አጅር ያለው በር ነው። አማቶችና ጎረቤቶች ደግሞ «ምነው ዝም አለች?» ማለታችንን እንተው።

ወንድሜ ሆይ፣ ሚስትህን ለአንድ ተጨማሪ ምርመራ ከመላክህ በፊት፣ ሌላ ስለ ማግባትም ከማሰብህ በፊት፣ አንተ ራስህ ተመርመር። ወንድነትህ በዚያ አይቀንስም። የሚቀንሰው ያንተን ሸክም በእርሷ ላይ ጭነህ ዝም ስትል ነው።

ወላሁ አዕለም።