ሮዝ ድንጋይ ከመግዛታችሁ በፊት ውኃ ውስጥ መዝኑት

ዛሬ ከቡናና ከቦሎቄ ወጣ እንበል። ሰሞኑን ከሆሳዕናም ከዱራሜም የሮዝ ድንጋይ ፎቶ እየላካችሁ «ይሄ ስንት ያወጣል?» ትሉኛላችሁ። አንድ ወንድማችንማ ለዝንጅብል መግዣ የያዘውን ብር ሊከፍልበት ነበር። ሻጩ «ኩንዛይት ነው» ብሎታል።

ኩንዛይት ምንድን ነው?
ስፖዱሚን የሚባለው የሊቲየም ማዕድን ሮዝና ጥርት ያለው ዓይነት ነው። ቀለሙን የሚሰጠው ጥቂት ማንጋኒዝ ነው። እ.ኤ.አ. በ1902 ካሊፎርኒያ ውስጥ ተገኝቶ በኒውዮርኩ የከበሩ ድንጋዮች ባለሙያ በጆርጅ ኩንዝ ስም ተጠራ። አፍጋኒስታን፣ ብራዚልና ማዳጋስካር ለገበያ ያቀርቡታል።

እኛ አገርስ?
ስፖዱሚን ጉጂ ውስጥ፣ ታንታለም በሚወጣበት ቀንጢቻ አለ። እዚያ የሚፈለገው ግን ለሊቲየሙ ነው፤ ማዕድኑ መኖሩና ለጌጥ የሚሆን ጥርት ያለ ድንጋይ መኖሩ ለየቅል ነው። የሆሳዕናና የዱራሜ አካባቢ ደግሞ በአብዛኛው እሳተ ገሞራ የተፋው ድንጋይ ነው፤ ስፖዱሚን እንዲህ ባለ ድንጋይ ውስጥ አይፈጠርም። «ከጓሮዬ ቆፍሬ አወጣሁት» የሚላችሁ ካለ፣ ያልጠረጠረ ተመነጠረ ነው።

እንዴት እንለየው?
1. ቢላዋ፦ በማይታይ ጥጉ በቢላዋ ጫፍ ጫር አድርጉት። ከተጫረ ኩንዛይት አይደለም። በመዶሻ ግን እንዳትመቱት፤ እውነተኛው በቀላሉ ይሰነጠቃል።
2. ውኃ፦ ድንጋዩን በወርቅ ሚዛን መዝኑ። ቀጥሎ ውኃ ያለበት ብርጭቆ ሚዛኑ ላይ አስቀምጡና ዜሮ አድርጉት። ድንጋዩን በክር አንጠልጥላችሁ፣ የብርጭቆውን ታች ሳይነካ ሙሉ በሙሉ አጥልቁት። የመጀመሪያውን ክብደት አሁን ለሚያሳየው ቁጥር አካፍሉ። 2.65 አካባቢ ከመጣ ተራ ሮዝ ኳርትዝ ነው። ኩንዛይት 3.2 ገደማ ይሰጣል። ሮዝ ቱርማሊንም እዚያው አካባቢ ስለሚወድቅ፣ 3.2 ካገኛችሁ ወደ ላቦራቶሪ ውሰዱት እንጂ ወዲያው አትክፈሉ።
3. ፀሐይ፦ የኩንዛይት ቀለም በፀሐይ ብርሃን እየደበዘዘ ይሄዳል። ደጅ ላይ ተሰጥቶ የሚሸጥ «ኩንዛይት» ያጠራጥራል።

የዋጋው ወጥመድ
1 ግራም 5 ካራት ነው። ሻጮች ኢንተርኔት ላይ የተቆረጠና የተወለወለ ድንጋይ ዋጋ ያሳዩና በጥሬው ክብደት ያባዙታል። ጥሬው ሲቆረጥ ግን አብዛኛውን ጊዜ ከግማሽ በላይ ክብደቱን ያጣል። ይሄ ጀንፈልን በኤክስፖርት ቡና ዋጋ እንደ መግዛት ነው። በዚያ ላይ ያለ ፈቃድ የከበረ ማዕድን መነገድ በሕግ ያስጠይቃል።

ወንድማችን የሰፈሩ ወርቅ ቤት ሄዶ አስመዘነ። ድንጋዩ 53 ግራም፣ ውኃው 20፤ ሲካፈል 2.65። ድንጋዩን መለሰ፣ ብሩ ዝንጅብል ገዛ።

ለሚመለከተው ሼር አድርጉ። ነገ በዝንጅብል ዋጋ እንገናኝ።