የአባታችንን ሸክም ማን ይካፈል?



በዛሬው ትምህርታችን የምንመለከተው የትንሽ ቁምስናን ችግርና የቆሞሱን የሥራ ብዛት ነው። በ1999 ዓ.ም. በተደረገው የሕዝብ ቆጠራ መሠረት ካቶሊካውያን ከሀገራችን ሕዝብ 0.7 በመቶ ብቻ ነበርን። ቁጥራችን ትንሽ ሆኖ በሰፊ አገር ስለተበታተንን በገጠር አንድ ቆሞስ ከዋናው ቤተ ክርስቲያን ሌላ በየመንደሩ ያሉትን ጸሎት ቤቶችም ይጠብቃሉ። ይቀድሳሉ፣ ያናዝዛሉ፣ ሕሙማንን ይቀባሉ፣ የተጣሉትን ያስታርቃሉ። ከዚህም በላይ ጣሪያው ሲያፈስ፣ መዝገብ ሲፈለግ፣ ሒሳብ ሲጎድል የሚጠየቁት እርሳቸው ናቸው።

በ1983 እ.ኤ.አ. የወጣው የላቲን ሥርዓት ሕገ ቀኖና እንደሚለው ካህን በመደበኛው በቀን አንድ ጊዜ ይቀድሳል። የካህናት እጥረት ካለ ጳጳሱ በቀን ሁለት ጊዜ፣ አስገዳጅ ሲሆንም በእሑድና በታዘዙ በዓላት ሦስት ጊዜ እንዲቀድስ ሊፈቅድለት ይችላል። እንግዲህ አምስት ጸሎት ቤት ያላቸው ቆሞስ በአንድ እሑድ ለሁሉም ሊደርሱ አይችሉም። ተራው ያልደረሰው መንደር ያለ ቅዱስ ቁርባን ይሰነብታል፤ በሩቅ የተኛ ሕመምተኛም ምስጢረ ቀንዲልን ሳይቀበል ሊያልፍ ይችላል።

«ካህን ከሆኑ ይቻሉት» የሚል ቢኖር የቅዱስ ዮሐንስ ማርያ ቪያኒን ሕይወት ይመልከት። ይህ ቅዱስ በ1818 እ.ኤ.አ. በፈረንሳይ ወደምትገኘው አርስ ሲላክ የመንደሪቱ ሰው 230 ያህል ነበር። በኋላ ግን ከየአገሩ የሚጎርፈው ተነሳሒ በዝቶ በበጋ በቀን እስከ 16 ሰዓት ያናዝዝ ነበር። ከድካሙና ለብቻው ሆኖ ለመጸለይ ካለው ናፍቆት የተነሣ ከአንድ ጊዜ በላይ ቁምስናውን ትቶ ሊሄድ ሞክሯል። በ1843 በጠና ከታመመ በኋላ ወደ ትውልድ መንደሩ ሄዶ ተመለሰ፤ በ1853 ደግሞ ሌሊት ተነሥቶ ሲወጣ ምእመናኑ ከልክለው አስቀሩት። ቤተ ክርስቲያን በ1925 ቅድስናውን አወጀች፤ በ1929 የቆሞሶች ጠባቂ አድርጋ ሰየመችው። ስለዚህ የካህን ድካም የእምነት ማነስ ምልክት አይደለም። ደግሞም በአርስ ለድሆች ልጃገረዶች የተከፈተውን ቤት ታስተዳድር የነበረችው ካትሪን ላሳኝ የምትባል ምእመን መሆኗን አንርሳ።

መጽሐፍ ቅዱስም ይህንኑ ያስተምረናል። ዮቶር አማቹ ሙሴ ከጠዋት እስከ ማታ ብቻውን ሲፈርድ አይቶ ሥራውን ለታመኑ ሰዎች እንዲያካፍል መከረው (ዘጸ. 18)። ሐዋርያትም ለጸሎትና ለቃሉ እንዲተጉ ሰባት ሰዎች ለማዕዱ አገልግሎት ተመረጡ (ሐዋ. 6)። አባቶቻችንም «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ይላሉ።

ቅዳሴ፣ ኑዛዜና ምስጢረ ቀንዲል የካህን ብቻ ናቸው፤ ማንም ሊተካቸው አይችልም። የቀረው ግን በአብዛኛው የእኛም ሥራ ነው፤ ይኸውም፦

ሀ/ ሕሙማንን መጎብኘት፣ ሕመሙ ሳይጠና ለካህኑ መንገር፤

ለ/ ሕፃናትን ትምህርተ ክርስቶስ ማስተማር። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንቸስኮስ በ2021 እ.ኤ.አ. የካቴኪስትነትን አገልግሎት ለምእመናን በይፋ የመሠረቱት የዚህን ሥራ ክብር ሲያሳዩን ነው፤

ሐ/ ሒሳብን በጋራ መቁጠርና መመዝገብ። ሕገ ቀኖናው በየቁምስናው የገንዘብ ጉዳይ ምክር ቤት እንዲኖር ያዛል፤

መ/ ካህን በማይደርስበት እሑድ ተሰብስቦ ቃለ እግዚአብሔርን ማንበብና መጸለይ።

ብዙዎቻችን «እግዚአብሔር ካህናትን ይስጠን» ብለን እንጸልያለን፤ መልካም ነው። ነገር ግን የክህነት ተማሪ ፍልስፍናና ቴዎሎጂ ቢያንስ ስድስት ዓመት ይማራል። ዛሬ ዘርዐ ክህነት የሚገባው ወንድማችን እስኪቀደስ ድረስ ያለውን ጊዜ የምንሸፍነው እኛ ነን። ደግሞም ቆሞሱ ሁልጊዜ ብቻቸውን ሲደክሙ የሚያይ ልጅ እንዴት ክህነትን ይመኛል?

ለውይይት፦
1. በቁምስናችን ቆሞሱ ከሚሠሩት ውስጥ ካህን መሆንን የማይጠይቀው የትኛው ነው?
2. ከመካከላችን ማን፣ ከመቼ ጀምሮ ይረከበዋል?

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።