ላፕቶፕ ለቢሮና ለጉዞ፦ የትኛው ለየትኛው ሥራ?

እ.ኤ.አ. በ1981 ለገበያ የቀረበው ኦስቦርን 1 «ተንቀሳቃሽ ኮምፒዩተር» ይባል እንጂ ክብደቱ 11 ኪሎ ግራም ያህል ነበር። የራሱ ባትሪ ስላልነበረውም ከሶኬት ርቆ ሊሠራ አይችልም ነበር። ዛሬ ከ1.5 ኪሎ ግራም የማይበልጡ ላፕቶፖች ቀኑን ሙሉ በባትሪ ሲሠሩ እናያለን። ይሁን እንጂ የገዢው ጥያቄ አልቀለለም። ለቢሮ የተመቸው ላፕቶፕ በመንገድ ላይ ሸክም ይሆናል፤ ለመንገድ የተመቸው ደግሞ ከባድ ስሌት ሲሰጠው ይዘገያል። ለምርምር ወደ መስክ ለሚወጣ ተማሪ ደግሞ ጉዳዩ ከምቾት ያለፈ ነው፤ የተሳሳተ ምርጫ የብዙ ሳምንታት መረጃ ሊያሳጣው ይችላል። በዚህ ጽሑፍ ልዩነቱ ከየት እንደሚመነጭ ከፊዚክስ አኳያ ለመመልከት እንሞክራለን።

ክብደትና ሙቀት

ፕሮሰሰር የሚወስደው የኤሌክትሪክ ኃይል ከሞላ ጎደል በሙሉ ወደ ሙቀት ይለወጣል። በቀጫጭን ላፕቶፖች ውስጥ የሚገጠሙ ፕሮሰሰሮች ለረጅም ጊዜ ሲሠሩ ብዙውን ጊዜ 15 ዋት ገደማ ይወስዳሉ፤ በትላልቆቹ ውስጥ ያሉት ግን 45 ዋትና ከዚያ በላይ ሊወስዱ ይችላሉ። ይህን ሙቀት ለማስወገድ የመዳብ ቱቦ፣ ማራገቢያና በቂ የአየር መተላለፊያ ያስፈልጋል። ትልቁን ላፕቶፕ ከባድ ከሚያደርጉት ነገሮች አንዱም ይኸው ነው።

ቀጭኑ ላፕቶፕ ከባድ ሥራ ሲሰጠው ለጥቂት ደቂቃዎች በሙሉ ፍጥነት ይሠራና ሙቀቱ ሲጨምር ራሱን ለመጠበቅ ፍጥነቱን ይቀንሳል። ለጽሕፈት፣ ለሠንጠረዥ ሥራና ለኢንተርኔት ይህ ጉድለት አይታወቅም። የሳተላይት ምስል ለሚተነትን ወይም ሰዓታት የሚፈጅ ስሌት ለሚያሠራ ሰው ግን ልዩነቱ ጉልህ ነው።

የባትሪው ሒሳብ

ሻጮች «8 ሰዓት ይቆያል» ሲሉ ምን እየተሠራበት እንደሆነ አይናገሩም። ትክክለኛው መለኪያ ዋት-ሰዓት ሲሆን፣ በባትሪው ላይ የተጻፈውን ቮልት በአምፔር-ሰዓት በማባዛት ይገኛል። ለምሳሌ 11.4 ቮልትና 5 አምፔር-ሰዓት የተጻፈበት ባትሪ 57 ዋት-ሰዓት ይይዛል። ላፕቶፑ በቀላል ሥራ ላይ 8 ዋት የሚወስድ ከሆነ 7 ሰዓት ያህል ይሠራል። በከባድ ሥራ ላይ 40 ዋት ከወሰደ ግን 1 ሰዓት ከ25 ደቂቃ ገደማ በኋላ ያልቃል። ባትሪው ያው ነው፤ የተለወጠው ሥራው ነው።

በቢሮ ውስጥ ባትሪ ሌላ ጥቅም አለው፤ መብራት በድንገት ሲጠፋ ያልተቀመጠ ሥራ እንዳይጠፋ ይከላከላል። የጠረጴዛ ኮምፒዩተር ይህን ጥቅም ለማግኘት ተጨማሪ መሣሪያ ይፈልጋል። በአንጻሩ ሁልጊዜ ሶኬት ላይ ተሰክቶ፣ ሞልቶና ሞቆ የሚውል የሊቲየም ባትሪ ቶሎ ያረጃል። በመሆኑም ብዙ ላፕቶፖች ባትሪው 80 በመቶ ሲደርስ መሙላት እንዲያቆም የሚያስችል ማስተካከያ አላቸው።

በአውሮፕላን ለሚጓዝም ይኸው ሒሳብ ያስፈልገዋል። በአጠቃላይ ደንቡ መሠረት እስከ 100 ዋት-ሰዓት የሚይዝ ባትሪ ያለ ልዩ ፈቃድ ይወሰዳል፤ ከ100 እስከ 160 ዋት-ሰዓት ያለው የአየር መንገዱን ፈቃድ ይጠይቃል። ትርፍ ባትሪና ፓወር ባንክ በእጅ ሻንጣ እንጂ በጭነት ክፍል አይላኩም፤ ምክንያቱም በመንገደኞች ክፍል የሚነሳ እሳት ቶሎ ታይቶ ሊጠፋ ይችላል። በፓወር ባንክ ላይ የሚጻፈው ሚሊ አምፔር-ሰዓት አብዛኛውን ጊዜ በ3.7 ቮልት የተሰላ ስለሆነ፣ 30,000 የተጻፈበት 111 ዋት-ሰዓት ይሆናል፤ ከገደቡም ያልፋል።

ደጋና ቆላ

ወደ አገራችን መልክዓ ምድር ስንመለስ ብዙ ገዢዎች የማያስቡት ጉዳይ እናገኛለን። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ የአየር ግፊቷ በባሕር ጠለል ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ነው። የሳሳ አየር የሚሸከመው ሙቀት አነስተኛ በመሆኑ ማራገቢያው ይበልጥ መሥራት ይኖርበታል።

ከዚህ የከፋው የሚሽከረከር ሃርድ ዲስክ ጉዳይ ነው። የማንበቢያው ጫፍ ከሚሽከረከረው ሳሕን ጥቂት ናኖሜትር ብቻ ከፍ ብሎ የሚንሳፈፈው በአየር ትራስ ላይ ነው። አየሩ ሲሳሳ ትራሱ ይቀንሳል፤ ጫፉ ሳሕኑን ከነካ መረጃው ይጠፋል። በዚህ ምክንያት የተለመዱ ሃርድ ዲስኮች የሚሠሩበት የከፍታ ወሰን 3,000 ሜትር ገደማ ነው። በሰሜን ተራሮች ወይም 4,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ባለው የሳነቴ አምባ ለሚሠራ ተመራማሪ ይህ ወሰን የታለፈ ነው። ኤስ ኤስ ዲ የተባለው ማከማቻ የሚንቀሳቀስ አካል ስለሌለው በዚህ አይጎዳም፤ የመኪና መንገጫገጭንም ይበልጥ ይችላል። ላፕቶፑ ኤስ ኤስ ዲ ቢኖረውም፣ መረጃ የሚገለበጥበት ውጫዊ ዲስክ የቆየው ዓይነት እንዳይሆን መጠንቀቅ ይገባል።

በደጋ ሌሊት ቅዝቃዜው ከ0 ዲግሪ ሴልሺየስ በታች ሲወርድ የሊቲየም ባትሪን መሙላት ይጎዳዋል፤ ስለዚህ መጀመሪያ እንዲሞቅ መጠበቅ ያሻል። በአፋር ቆላ ደግሞ ችግሩ ተቃራኒ ነው። አብዛኞቹ ላፕቶፖች የተሠሩት እስከ 35 ዲግሪ ለሚደርስ ሙቀት ነው፤ በዚያ ግን ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ይበልጣል። በቀትር ከመሥራት በማለዳ መሥራት፣ ላፕቶፑንም በተዘጋ መኪና ውስጥ አለመተው ይመረጣል።

በጠረጴዛ ላይ

ቀጭን ላፕቶፕ ብዙውን ጊዜ ራሙ ከዋናው ሰሌዳ ጋር ስለሚበየድ በኋላ ማሳደግ አይቻልም፤ ለውጫዊ መሣሪያዎች ያሉት መሰኪያዎችም ጥቂት ናቸው። ወፈር ያለው ለመጠገንም ሆነ ለማሳደግ ይመቻል። ሁለቱም የሚጋሩት ጉድለት ግን አለ፤ ስክሪኑና የፊደል ገበታው የተያያዙ በመሆናቸው እጅ ሲመቸው አንገት ይጎብጣል። ቀኑን ሙሉ ለሚሠራ ሰው ላፕቶፑን ከፍ አድርጎ የተለየ የፊደል ገበታ መጠቀም መፍትሔ ነው።

ማጠቃለያ

ከላይ እንደተመለከትነው፣ በሁሉም ረገድ የሚበልጥ ላፕቶፕ የለም። ስሌቱ ከባድ፣ ቦታው ቋሚ ከሆነ ትልቁን፤ ሥራው ጽሕፈትና መረጃ መሰብሰብ፣ መንገዱም ሩቅ ከሆነ ቀላሉን መምረጥ ይሻላል። ሁለቱንም የሚሠራ ሰው በመስክ መረጃውን በቀላሉ ሰብስቦ፣ ከባዱን ትንተና ሲመለስ በቤተ ሙከራ ኮምፒዩተር ቢሠራ ይጠቀማል። ከመግዛታችን በፊት «ይህ ላፕቶፕ የሚውልበት እጅግ አስቸጋሪው ቦታ የት ነው?» ብለን እንጠይቅ። የትኛውንም ብንመርጥ ግን ላፕቶፕ ይተካል፤ አንድ ክረምት ሙሉ የተለካ የዝናብ መጠን አይተካም። ስለዚህ በየምሽቱ መረጃውን በሁለተኛ ማከማቻ ገልብጠን፣ ማከማቻውን ከላፕቶፑ በተለየ ቦርሳ እንያዝ።