በኮረብታ ጎን በተሠሩ ሰፈሮች ስለሚገኙ የቤትና የመደብር ተባዮች፤ ስለ ማጥፊያቸውም ሙያ

የእርሻ ነገር በተነሣ ጊዜ ሰው ሁሉ የሚያስበው ስለ ማሳውና ስለ አውድማው ነው። ነገር ግን ከአንበጣና ከተምች ተርፎ፤ ተወቅቶና ተሰፍሮ ወደ ከተማ የገባው እህል በጎተራና በሱቅ ውስጥ ሁለተኛ ጠላት እንደሚጠብቀው ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። አንድ ትልቅ አይጥ በቀን 25 ግራም ያህል ይበላል፤ ይህም በዓመት ሲታሰብ 9 ኪሎ ገደማ ይሆናል። በሽንቱና በኩሱ የሚያበላሸው ግን ከሚበላው ይበልጣል። ስለዚህ ይህ ጽሕፈት ለአገር ገዢዎች፤ ለወረዳ ሹማምንት፤ ቤትና መጋዘንም ለሚያከራዩ ባለ ንብረቶች የቀረበ ነው። ዋናው ሐሳቡም ተባይን በገንዘብ ተቀጥሮ የሚያጠፋ ባለ ሙያ ሲጠራ ምን እንዲሠራ፤ ይልቁንም ምን እንዳይሠራ ማዘዝ እንደሚገባ ማስረዳት ነው።

ለምሳሌ የእንጦጦን ግርጌ እንውሰድ። አዲስ አበባ በ1879 ዓ/ም ከተራራው በታች በፍል ውሃው አጠገብ ከተቆረቆረች ወዲህ እየሰፋች ሄዳ፤ በሽሮ ሜዳ፤ በቀጨኔ፤ በጉለሌና በፈረንሳይ ለጋሲዮን በኩል ተመልሳ ወደ ተራራው ወጥታለች። የተራራው ራስ ከባሕር ወለል በላይ 3,000 ሜትር ያልፋል። ከዚያ የሚወርዱት ቀበናና ቀጨኔ፤ ሌሎችም ትንንሽ ወንዞች በቤቶቹ መካከል እየሰነጠቁ ወደ አቃቂ ይፈሳሉ። በእንዲህ ያለ ቦታ አንዱ ቤት በሌላው ትከሻ ላይ የተቀመጠ ያህል ነው። የላይኛው ቤት ጓሮ ለታችኛው ቤት ጣራ እኩያ ሆኖ ይገኛል፤ የላይኛው ጥራጊና እጣቢ በጎርፍ ወደ ታችኛው ደጃፍ ይወርዳል። መሬቱ እንዳይናድ የሚካበው ካብ ያለ ሲሚንቶ የተደረደረ ድንጋይ እንደ ሆነ፤ ለሰው ድጋፍ፤ ለአይጥ ደግሞ ብዙ ክፍል ያለው ቤት ይሆናል። በሜዳ ላይ ያለ ሰው የራሱን ቤት አጽድቶ በመጠኑ ሊያርፍ ይችላል፤ በኮረብታ ጎን ግን ብቻውን የሚያርፍ ሰው የለም።

በዓለም ከተሞች የሚታወቁት ትልልቅ አይጦች በጠባያቸው ሁለት ዓይነት ናቸው። አንደኛው መሬት እየቆፈረ በካብ ሥር፤ በፍሳሽ ቦይና በወንዝ ዳር ይኖራል። ሁለተኛው ቀጠን ያለ፤ መውጣት የሚወድ ነው፤ በአጥር፤ በዛፍና በሽቦ ተሻግሮ በግድግዳው ራስና በቆርቆሮው መካከል ይገባና በኮርኒሱ ላይ ይሰፍራል። ከነዚህ ሌላ ትንሿ የቤት አይጥ አለች። እርሷ በ6 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ፤ ማለት እርሳስ በሚያሳልፍ ክፍተት ትሾልካለች። የትልቁ አይጥ ግልገልም በ12 ሚሊ ሜትር ያልፋል። በሦስት ሳምንት ገደማ አርግዘው ስለሚወልዱ ከነዚህ አንዲት ጥንድ ብትቀር ዘር ቀረ ማለት ነው። ድመት ታሳድዳቸዋለች እንጂ አትፈጃቸውም፤ በድመት ታምኖ ቀዳዳውን ያልደፈነ ባለ ሱቅ ድመቲቱንም አይጦቹንም አብሮ ይቀልባል።

ስለዚህ ጥሩ ባለ ሙያ ሲገባ መጀመሪያ በእጁ የሚይዘው የእጅ ባትሪና መሰላል ነው እንጂ መርዝ አይደለም። ኩሱ ትኩስ ወይም የደረቀ መሆኑን፤ በግድግዳው ጥግ ጥግ የሰውነታቸው ቅባት ያጠቆረውን መንገድ፤ በካቡ ሥር አዲስ የተቆፈረውን አፈር ይመለከታል። ከዚያ በኋላ የበሩን ግርጌ በቆርቆሮ ማስለበጥ፤ የቧንቧ መግቢያውን በሲሚንቶ መድፈን፤ የአየር መግቢያውን በሽቦ ወንፊት መሸፈን፤ ካቡንም በሲሚንቶ ማስያዝ ይከተላል። ይህ ሥራ የግንበኛ ሥራ ስለሚመስል ብዙ ቤት አከራዮች ለተባይ አጥፊ መክፈላቸው ሳያንስ ለግንበኛ ደግሞ አንከፍልም ይላሉ። ሆኖም መርዝ በየዓመቱ የሚከፈል ግብር ሲሆን ቀዳዳ መድፈን አንድ ጊዜ የሚከፈል ዋጋ ነው።

መርዙን በሚመለከት፤ አይጥ አዲስ ነገር የሚጠራጠር እንስሳ መሆኑን ማወቅ ያስፈልጋል። ዚንክ ፎስፋይድ የሚባለው መርዝ በሰዓታት ውስጥ ይገድላል፤ ነገር ግን ጥቂት ቀምሶ የታመመው አይጥ ሁለተኛ አይነካውም። መድኃኒቱም የታወቀ አይደለም፤ ሕፃን በልቶት እንደ ሆነ ሐኪም ሊረዳው የሚችለው በሽታውን በማስታገሥ ብቻ ነው። ደምን እንዳይረጋ የሚያደርጉት መርዞች ግን ቀስ ብለው በቀናት ውስጥ ስለሚሠሩ አይጡ ሕመሙን ከምግቡ ጋራ አያገናኘውም። የዚህ ዓይነት መርዝ የመጣው ከእርሻ ሥራ ነው። በሰሜን አሜሪካ የሻገተ መኖ የበሉ ከብቶች እየደሙ ሲሞቱ ታይቶ፤ በዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ ካርል ፖል ሊንክ የተባሉት ሊቅ ከረዳቶቻቸው ጋራ ምክንያቱን መርምረው አገኙ፤ ከዚያም የወጣው ዋርፋሪን በፈረንጅ አቆጣጠር በ1948 ለአይጥ ማጥፊያ ዋለ። ለዚህ ዓይነቱ መርዝ ቫይታሚን ኬ ፩ የሚባል መድኃኒት አለው። ሰው ወይም ከብት ቢመረዝ ለሐኪሙ ወዲያው ሊነገር የሚገባው የመርዙ ስም ነው፤ ስለዚህም ስም ሳይጻፍበት በወረቀት ተጠቅልሎ በገበያ የሚሸጠውን የአይጥ መርዝ ሹማምንት እንዲያስለቅሙት ያስፈልጋል። የተመረዘውን አይጥ ጉጉትና ጭልፊት በልተው እንዳይሞቱም ሬሳው በየማለዳው ተለቅሞ ይቀበር።

አሁን የሹም ሥልጣን በእውነት ወደሚያስፈልግበት ነጥብ ደርሰናል። በአንድ ኮረብታ ላይ አንዱ ቤት በግንቦት፤ ሌላው በጥቅምት፤ ሦስተኛው ከነጭራሹ መርዝ ባያስቀምጥ፤ አይጦቹ ከቤት ወደ ቤት ይዛወራሉ እንጂ አያልቁም። ስለዚህ ሥራው በአንድ ወንዝ ተፋሰስ ያሉትን ቤቶች፤ ሱቆችና ወፍጮ ቤቶች ሁሉ በአንድ ሳምንት ያጠቃለለ መሆን አለበት። ጊዜውም ክረምቱ ሳይገባ በግንቦት ቢሆን ይመረጣል፤ ምክንያቱም ጎርፍ ጉድጓዳቸውን ሲሞላው አይጦቹ ወደ ቤት ይሸሻሉ፤ በእህል የተለወሰ መርዝም በዝናብ ይሻግታል። ደግሞም የቆሻሻ ክምር የሚነሣ ወይም አሮጌ ቤት የሚፈርስ እንደ ሆነ፤ መርዙ ቀድሞ ተቀምጦ አይጡ ካለቀ በኋላ ይነሣ፤ ይፍረስ። ይህ ቅደም ተከተል ሲገለበጥ በአንድ ሌሊት የሰፈሩ አይጥ ሁሉ በጎረቤት ላይ ይወርዳል። ሰፈር ለማፍረስ ትእዛዝ የሚፈርም ሹም ይህን አንድ መስመር በትእዛዙ ውስጥ ቢያስገባ ብዙ አቤቱታ ይቀርለታል።

ከአይጥ ይልቅ ሰውን የሚያሰጋው ግን የነቀዝ መድኃኒት ነው። ጤፍ ቅንጣቱ ደቃቅ ስለ ሆነ ነቀዝ አይደፍረውም፤ በቆሎ፤ ማሽላና ስንዴ ግን ይበላሉ። ነጋዴዎችም ለዚህ ከአሉሚኒየም ፎስፋይድ የተሠራ እንክብል በከረጢቶቹ መካከል ያስቀምጣሉ። እንክብሉ የአየሩን እርጥበት ሲያገኝ ፎስፊን የሚባል ጋዝ ያወጣል፤ 3 ግራም የሚመዝነው እንክብል 1 ግራም ጋዝ ይሰጣል። ይህ ጥቂት ይመስላል። ነገር ግን ወርዱም ርዝመቱም 3 ሜትር፤ ከፍታው 2 ሜትር ተኩል በሆነ መኝታ ቤት ውስጥ ያ አንድ ግራም ቢበተን፤ በብዙ አገር ለሠራተኞች ወሰን ሆኖ ከቆየው መጠን፤ ማለት በሚሊዮን 0.3 እጅ ከሚባለው፤ መቶ እጥፍ ያህል ይሆናል። ሁለት እንክብል ቢሆን ደግሞ ለሕይወት ወዲያው አስጊ ተብሎ ከተወሰነው ከሚሊዮን 50 እጅ ያልፋል። ጋዙ ከአየር ጥቂት ስለሚከብድ፤ በጭቃ ግድግዳ ስንጥቅና በወለል ሳንቃ መካከልም ስለሚያልፍ፤ ከላይኛው ሱቅ የተቀመጠው መድኃኒት ከታች ለሚተኙት ተከራዮች ይደርሳል። ለዚህ መርዝ የታወቀ ማርከሻ የለውም። ሽታው እንደ ነጭ ሽንኩርት ወይም እንደ ከረፋ ዓሣ ነው ይባላል፤ ሆኖም ሽታውን ለይቶ የማያውቅ ብዙ ሰው ስላለ፤ የተኛ ሰውም ስለማይነቃበት፤ በሽታ መታመን ሞኝነት ነው።

በዚህ ምክንያት ሰው በሚተኛበት ቤት፤ ወይም በአንድ ግድግዳ ብቻ ከሰው መኝታ በተለየ መጋዘን ይህን እንክብል መጠቀም ፈጽሞ መከልከል ይገባዋል። አከራዩም በውሉ ውስጥ ይጻፈው። መጋዘኑ ለብቻው የቆመ እንደ ሆነ፤ ሥራው የሚሠራው በባለ ሙያ፤ እህሉ በወፍራም ሸራ ተሸፍኖ፤ በበሩ ላይ ማስጠንቀቂያ ተለጥፎ፤ የጋዙን መጠን በሚለካ መሣሪያ ተረጋግጦ ከተናፈሰ በኋላ ብቻ ሰው እንዲገባ ሆኖ ነው። እንደ እንጦጦ ባለ ብርዳም ቦታ ጋዙ ቀስ ብሎ ስለሚወጣ በቆላ የሚበቃው ቀን በደጋ አይበቃም። የቸኮለ ነጋዴ በሦስተኛው ቀን ሲከፍተው ነቀዙ አይሞትም፤ የሚጎዳው ከፋቹ ነው። ለቤተ ሰብና ለትንሽ ሱቅ የሚሻለው አየር የማያስገባው ድርብ ከረጢት ነው። በደንብ የደረቀ እህል በሁለት የፕላስቲክ ከረጢት ተደርቦ፤ ከላይ በማዳበሪያ ጆንያ ተይዞ፤ አፉ ተጠምዝዞ በጥብቅ ሲታሰር፤ ነቀዙ በውስጡ ያለውን አየር ጨርሶ ራሱ ይታፈናል። መርዝ የለውም፤ አጠቃቀሙን ለመማርም አንድ ቀን ይበቃል።

ስለ ትናንሾቹ ተባዮች በአጭሩ እንናገር። ትኋን በአሁኑ ዘመን በሱቅ የሚሸጠውን ፍሊት በብዙ አገር ተለማምዶታል፤ ሳይበላም ብዙ ወር ይቆያል። የሚያሸንፈው ሙቀት ነው፤ 50 ዲግሪ ሲደርስ ራሱም እንቁላሉም ይሞታል። ስለዚህ አንሶላውን መቀቀል፤ የአልጋውን መጋጠሚያ በፈላ ውሃ ማጠብ የእናቶቻችን ዘዴ ሆኖ ሳለ ዛሬም ባለ ሙያዎች በእንፋሎት መሣሪያ የሚሠሩት ያንኑ ነው። በረሮ እንቁላሉን በከረጢት ይዞ ስለሚዞር፤ ከረጢቱንም ርጭት ስለማያገኘው፤ አንድ ጊዜ ነፍቶ ገንዘቡን ተቀብሎ የሚሄድ ሰው ሥራውን በግማሽ ትቶ ነው የሄደው፤ ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ውስጥ እንዲመለስ ውል ይግባ። የልብስ ቅማል ደግሞ የሚያገረሽ ትኩሳት የሚያመጣ ክፉ ተባይ ቢሆንም ኑሮው በልብስ ስፌት ውስጥ ስለ ሆነ፤ ግድግዳ ማስረጨት ለእርሱ ከንቱ ወጪ ነው፤ ልብሱን ማፍላት ያጠፋዋል።

ባለ ሙያውን ሲቀጥሩ የሚጠየቀው ብዙ አይደለም። በፀረ ተባይ ምዝገባና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 674/2002 መሠረት ያልተመዘገበ መርዝ በአገር ውስጥ አይሸጥም፤ በሥራም አይውልም፤ ስለዚህ የሚያመጣው ዕቃ ጽሑፉ ያልተላጠ፤ ስሙና የምዝገባው ነገር የሚነበብ ይሁን። በሌላ ጠርሙስ ገልብጦ ያመጣ እንደ ሆነ ከደጅ ይመለስ። የመርዙን ስም፤ መጠኑን፤ ያኖረበትን ቦታና ቀኑን ጽፎ ለቤቱ ባለቤት ይተው። የአይጥ መርዝ በተቆለፈና ከግድግዳ ጋራ በታሰረ ሳጥን ውስጥ እንጂ በወለል ላይ አይበተን።

ዕቃውን ስለ ማጠብ የሚሰጠው ትእዛዝ በኮረብታ ሰፈር ከሁሉ ይጠብቃል። የመንፊያው እጣቢ በቦይ ከፈሰሰ ወደ ቀበና ወይም ወደ ቀጨኔ ይወርዳል፤ ከታች ባለው ወንዝ ደግሞ ጎመንና ሰላጣ የሚያጠጡ አትክልተኞች አሉ። ስለዚህ ባዶው ዕቃ ሦስት ጊዜ በውሃ ይለቅለቅ፤ እጣቢው እዚያው በመንፊያው ውስጥ ተጨምሮ በሥራው ላይ ይዋል። ጣሳው ዘይት ወይም የመጠጥ ውሃ መያዣ እንዳይሆን ተበስቶ ላቀረበው ድርጅት ይመለስ። በየመጋዘኑ ጊዜው አልፎ የተረሳ መርዝ የሚያስከትለውን ወጪ አገራችን ታውቀዋለች፤ ባለፉት ዘመናት የተጠራቀመው አሮጌ ፀረ ተባይ ከሺህ ቶን በላይ ሆኖ ስለ ተገኘ፤ በውጭ አገር እርዳታ በመርከብ ወደ ፊንላንድ ተልኮ እንዲቃጠል ሆኗል። በየወረዳው ጽሕፈት ቤት ጓዳ የቀረ ያረጀ መርዝ ያለ እንደ ሆነ፤ ሳይከፈትና ሳይቀበር ዓይነቱና መጠኑ ተመዝግቦ ለግብርና መሥሪያ ቤት ይላክ።