ዐውሎ ነፋስ ሲቃረብ፦ የቤተሰብ ዝግጅትና የአስተባባሪዎች ኀላፊነት

የድርቅን አመጣጥ በሥራቸው የሚከታተሉ ሰዎች እንደሚያውቁት፣ ድርቅ ከመድረሱ አስቀድሞ ብዙ ምልክት ያሳያል። ዝናቡ ይዘገያል፤ የእህል ዋጋ ሲወጣ የከብት ዋጋ ይወርዳል፤ ገበሬው በሬውን ወደ ገበያ ይነዳል፤ በመጨረሻም ቤተሰቡ ቤቱን ዘግቶ ለመንገድ ይነሣል። ከመጀመሪያው ምልክት እስከ መጨረሻው ድረስ ወራት ያልፋሉ። ከባሕር የሚነሣ ዐውሎ ነፋስ ግን ይህን ያህል ጊዜ አይሰጥም። በዛሬው የሳተላይት ክትትል እንኳ አንድ የባሕር ዳርቻ ቤተሰብ ነፋሱ በእርግጥ ወደ እርሱ እንደሚመጣ ካወቀ በኋላ የሚቀረው ጊዜ ሁለት ወይም ሦስት ቀን፣ አንዳንዴም ከዚያ ያነሰ ነው። ይህ ጽሑፍ የሚመለከተው ቤተሰቡ በእነዚያ ጥቂት ቀናት ምን ሊያደርግ እንደሚችልና፣ ያን ለማድረግ እንዲችል አስተባባሪዎች ከዚያ አስቀድመው ምን ሊሠሩ እንደሚገባ ነው።

ጉዳዩ ለአካባቢያችን ፈጽሞ እንግዳ አይደለም። በግንቦት 2010 ዓ.ም. (እ.አ.አ. 2018) ሳጋር የተባለው ዐውሎ ነፋስ የኤደንን ባሕረ ሰላጤ ይዞ ወደ ምዕራብ ከተጓዘ በኋላ በሰሜን ምዕራብ የሶማሊያ ዳርቻ ወደ የብስ ገብቷል። ጅቡቲ በጎርፍ ተጥለቀለቀች፤ ዝናቡም እስከ ምሥራቅ ኢትዮጵያ ደረሰ። ይሁን እንጂ ስለ ቤተሰብ ዝግጅት ለማጥናት የሚሻ ሰው በይበልጥ ሊመለከት የሚገባው ባንግላዴሽን ነው። በዚህ አደጋ እንደዚያች አገር ብዙ ሕዝብ የጠፋበት ሥፍራ የለም፤ የሞቱን ቁጥር ለመቀነስ የተደረገው ጥረትም ረጅም ዕድሜ አለው።

በአሜሪካ ዙሪያ ሀሪኬን፣ በሩቅ ምሥራቅ ታይፉን፣ በሕንድ ውቅያኖስ ደግሞ ሳይክሎን እየተባለ ይጠራ እንጂ ነገሩ አንድ ነው። በሞቀ ባሕር ላይ የሚፈጠርና እየተሽከረከረ የሚጓዝ ከባድ ማዕበል ነው። ብዙ ሰዎች አደጋው ነፋሱ ብቻ ይመስላቸዋል። ነፋሱ ቤት ያፈርሳል፣ ቆርቆሮ ገንጥሎ እንደ ሰይፍ ይወረውራል፤ በባንግላዴሽ ዳርቻ ግን ሕዝብ የሚፈጀው በነፋሱ እየተገፋ ወደ የብስ የሚወጣው የባሕር ሙላት ነው። የቤንጋል ባሕረ ሰላጤ ወደ ሰሜን እየጠበበ የሚሄድና ጥልቀት የሌለው በመሆኑ፣ ምድሩም ወንዞች ባመጡት ደለል የተሠራ ዝቅተኛ ሜዳ በመሆኑ፣ የተገፋው ውሃ መሄጃ ሲያጣ ወደ ላይ ይቆለላል። ሙላቱ ባሕሩ በተፈጥሮው ከፍ ከሚልበት ሰዓት ጋር ከተጋጠመ ጥፋቱ ይበረታል። ሌላም ሊዘነጋ የማይገባው ነገር አለ። የማዕበሉ መካከል ጸጥ ያለ በመሆኑ፣ ያ መካከል በመንደሩ ላይ ሲያልፍ ነፋሱ ድንገት ይቆማል። አደጋው ያለፈ መስሎት ከብቱን ሊፈልግ ወይም ቤቱን ሊያይ የወጣ ሰው ከጥቂት ጊዜ በኋላ ከተቃራኒው አቅጣጫ በሚመለሰው ነፋስ ሜዳ ላይ ይያዛል።

ኅዳር 3 ቀን 1963 ዓ.ም. (እ.አ.አ. 1970) ሌሊት፣ በዚያን ጊዜ ምሥራቅ ፓኪስታን ይባል በነበረው አገር፣ በቦላ ደሴትና በአካባቢው ላይ የደረሰው ማዕበል ከ300 ሺህ እስከ 500 ሺህ የሚገመት ሰው ጨርሷል። ታዙሙዲን በተባለው ወረዳ ብቻ ከነዋሪው 45 በመቶ ያህል ጠፋ። ከአደጋው በኋላ ወደ ሥፍራው የሄዱ ሐኪሞች በሕይወት በተረፉት ሰዎች ደረት፣ ክንድና የጭን ውስጥ ላይ ተመሳሳይ የመላላጥ ቁስል አዩ። ሰዎቹ ሌሊቱን ሙሉ ዛፍ አቅፈው ያደሩ ነበሩ። ዛፍ አቅፎ ለማደር ደግሞ ጉልበት ያስፈልጋል። ስለሆነም በብዛት የተረፉት ጎልማሳ ወንዶች ሲሆኑ፣ ከሞቱት መካከል ግማሽ ያህሉ ዕድሜያቸው ከአሥር ዓመት በታች የሆነ ልጆች ነበሩ።

ከዚህ ላይ አንባቢው «ማስጠንቀቂያ አልነበረምን?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም። ነበረ። በኋላ የተደረገ ጥናት እንደሚያሳየው ከአካባቢው ሕዝብ እጅግ የሚበዛው ዐውሎ ነፋስ እንደሚመጣ አስቀድሞ ሰምቷል፤ ወደ ጠንካራ ሕንፃ ሄዶ የተጠጋው ግን ከመቶ አንድ ያህል ነው። ከዚያ በፊት በነበረው ወር ከፍተኛ ማስጠንቀቂያ ተነግሮ የተፈራው ጥፋት ሳይደርስ በመቅረቱ፣ ሕዝቡ ሁለተኛውን ወሬ እንደ መጀመሪያው ሳይቆጥረው አልቀረም። የምልክቱ ቁጥሮችም መጀመሪያ የተዘጋጁት ለወደቦችና ለመርከበኞች እንጂ ሩዝ ለሚያጭድ ገበሬ አልነበረም።

እንዲህ ያለውን ነገር የሰማ ባለሥልጣን «ሕዝቡ አልታዘዘም» ሲል መዝግቦ ሊያልፍ ይቀናዋል። ይህ ግን ፍርዱን ያላግባብ በተጎጂው ላይ መጣል ነው። ቤተሰቡ በዚያ ምሽት የነበረበትን ሁኔታ እንመልከት። ጠንካራ ሕንፃ በአቅራቢያው የለም፤ ቢኖርም መንገዱ ጭቃና ወንዝ ነው። ጊደሯና ሁለቱ በሬዎች የቤቱ ሀብት በሙሉ ናቸው። እህሉ ገና መታጨዱ ነው። ቤቱ ባዶ ቢገኝ ሌባ ይገባል። ባል ዓሣ ሊያጠምድ ወጥቶ አልተመለሰም፤ ሚስትም ያለ እርሱ ከማያውቋቸው ወንዶች መካከል ገብታ ማደርን ትፈራለች። ታዝዞ መውጣት እርግጠኛ ኪሣራ ነው፤ አደጋው ግን ሊመጣም ላይመጣም ይችላል። በረሀብ ዘመን የመጨረሻ በሬውን አልሸጥም ብሎ እስከ መጨረሻው የሚቆይ ገበሬ ያየ ሠራተኛ ይህን ስሌት መረዳት አያዳግተውም።

ከዚያ አደጋ በኋላ በ1970ዎቹ (እ.አ.አ.) መጀመሪያ መንግሥትና ቀይ መስቀል፣ በኋላም ቀይ ጨረቃ የተባለው ማኅበር፣ በጋራ ያቋቋሙት የሳይክሎን ዝግጅት ፕሮግራም በአብዛኛው የሚሠራው ይህንኑ ስሌት በመለወጥ ነው። ማስጠንቀቂያው የሚደርሰው በራዲዮ ብቻ ሳይሆን በመንደሩ ተወላጅ አፍ ጭምር ነው። በጎ ፈቃደኛው በእግሩም በብስክሌትም እየዞረ በድምፅ ማጉያና በእጅ በሚዞር ሳይረን ይናገራል። ባንዲራም ይሰቀላል፤ አንድ ሲሆን ተጠንቀቁ፣ ሁለት ሲሆን አደጋ ቀርቧል፣ ሦስት ሲሆን ወደ መጠለያ ግቡ ማለት ነው። ማንበብ ለማይችል ሰው ይህ ከማናቸውም የጽሑፍ መግለጫ ይበልጣል። የበጎ ፈቃደኞቹ ቁጥር ዛሬ ከ70 ሺህ በላይ ሲሆን ግማሽ ያህሉ ሴቶች ናቸው። ሴት በሌላ ሴት ደጃፍ ቆማ «ልጆቹን ያዢና ተከተይኝ» ስትላት የሚሰማው ቃል ከወንድ ሲመጣ ከሚሰማው የተለየ ነው። ለከብቶችም ውሃ የማይደርስበት ከፍ ያለ የአፈር ጉብታ እየተከመረ ተዘጋጅቷል፤ «ኪላ» ይሉታል። የጉብታው ጥቅም ለከብት ብቻ የሚመስለው ሰው ይሳሳታል። ገበሬው ከብቱ መትረፊያ እንዳላት ሲያውቅ እርሱም ከቤቱ ለመውጣት ይደፍራል።

ይህም ሆኖ በሚያዝያ 21 ቀን 1983 ዓ.ም. (እ.አ.አ. 1991) በቺታጎንግ ዳርቻ የደረሰው ማዕበል 138 ሺህ ያህል ሰው ገድሏል። መጠለያዎቹ ገና ጥቂት ነበሩ። ከአደጋው በኋላ በቤተሰቦች ላይ የተደረገ ጥናት ያገኘው ውጤት አጭር ነው። በጥናቱ ከተካተቱት ሰዎች በሲሚንቶ ወይም በጡብ በተሠራ ሕንፃ የተጠለሉት ሁሉ ተርፈዋል፤ ወደዚያ ካልደረሱት ከመቶ 22ቱ ሞተዋል። የሞቱ መጠን እጅግ ከፍ ያለው ከአሥር ዓመት በታች በሆኑ ልጆችና ከአርባ ዓመት በላይ በሆኑ ሴቶች ላይ ነው። እንግዲህ የቤተሰቡ ዝግጅት ሁሉ የሚለካው በአንድ ነገር ነው፤ ይኸውም ልጆቹና ሴቶቹ ሙላቱ ሳይቀድማቸው ጠንካራ ሕንፃ መድረሳቸው ነው።

የዚያ አገር ዐውሎ ነፋስ በይበልጥ የሚበረታው በሚያዝያና በግንቦት፣ እንደገናም በጥቅምትና በኅዳር ነው። ዝግጅቱ ከእነዚህ ወራት አስቀድሞ ይጀመራል። ቤቱ የሚሠራው ከፍ ተደርጎ በተደለደለ አፈር ላይ ነው፤ ጣሪያው ከምሰሶው ጋር በገመድ ይጠፈራል፤ በዙሪያው ነፋስ የሚሰብሩ ዛፎች ይተከላሉ። የሚያዘነብል ቅርንጫፍ አስቀድሞ ይቆረጣል። ይህ ሁሉ የቤቱን ጉዳት ያቀልላል እንጂ ሰው በውስጡ እንዲያድር አያበቃም። የሣርና የቀርከሃ ቤት ቢጠፈርም ሙላቱን አይቋቋምም፤ ይህ ለቤተሰቡ በግልጽ ሊነገረው ይገባል።

ቀጥሎ የስንቅ ነገር ይመጣል። የዳርቻው ቤተሰብ እሳት የማይፈልግ ምግብ ያዘጋጃል፤ ተዳምጦ የደረቀ ሩዝ፣ የፈነዳ ሩዝና ጥቁር የሸንኮራ ስኳር። በእኛ አገር ለመንገደኛ ቆሎና በሶ እንደሚሰነቅ ማለት ነው። ከዚህ ከፊሉን ይዘው ይሄዳሉ፤ ከፊሉን ከዘርና ከክብሪት ጋር በላስቲክ ጠቅልለው፣ በሸክላ ማሰሮ አድርገው መሬት ውስጥ ይቀብራሉ። ሲመለሱ ቤቱ ባይኖርም ማሰሮው ይገኛል። የመሬት ይዞታ ወረቀትና መታወቂያም በላስቲክ ታሽጎ በሰው አካል ላይ ይታሠራል። ጽሑፉን ለሚያነብ ባለሥልጣን የላስቲክ ከረጢት ጉዳይ ተራ ነገር ሊመስለው ይችላል። ነገር ግን ሙላቱ ድንበሩን አጥፍቶ፣ የባለቤቱንም ወረቀት ወስዶት ከሆነ፣ የመሬት ክርክሩ ከማዕበሉ በኋላ ለዓመታት ይቀጥላል።

የእጅ ፓምፕ ያለው መንደር የፓምፑን ራስ ፈትቶ የቧንቧውን አፍ በላስቲክ አጥብቆ ያስራል። ጨዋማውና የቆሸሸው ውሃ ወደ ጉድጓዱ እንዳይገባ የሚደረግ ነው። የአንድ ሰው የግማሽ ሰዓት ሥራ ቢሆን ነው። ካልተደረገ ግን ከማዕበሉ የተረፈው ሕዝብ ኩሬው በባሕር ውሃና በእንስሳት በድን ተበላሽቶ፣ ጉድጓዱም አብሮ ጠፍቶ፣ ተቅማጥ በሚያመጣ ውሃ ላይ ይወድቃል። ወደ መጠለያ የሚሄድ ሰውም ንጹሕ ውሃ በተከደነ ዕቃ ይዞ መሄድ አለበት፤ መጠለያው በሰው ሲጨናነቅ ከምግብ አስቀድሞ የሚያልቀው ውሃ ነው።

ከዕቃ ይልቅ የሚከብደው ግን ውሳኔ ነው። ማን የትኛውን ልጅ ይሸከማል? አሮጊቷን እናት ማን ይደግፋል? በስንተኛው ባንዲራ ይወጣል? ባል በባሕር ላይ ቢሆን ሚስት ሳትጠብቀው መሄድ እንዳለባት እርሱ ራሱ አስቀድሞ ነግሯታል ወይ? ይህ ነገር ፀሐይ በወጣበት ቀን በቤተሰቡ መካከል ካልተቋጨ፣ ነፋሱ በሚጮኽበት ሌሊት ሊቋጭ አይችልም። ለዕርዳታ ሠራተኛ የምንመክረው ወደ ቤት ሲገባ «ማስጠንቀቂያ ሰምታችኋል?» ብሎ እንዳይመለስ ነው። «ዛሬ ማታ ብትወጡ ምን ታጣላችሁ?» ብሎ ይጠይቅ። መልሱ ላም ከሆነ ጉብታ፣ ሌባ ከሆነ ዘበኛ፣ ኀፍረት ከሆነ ለሴቶች የተለየ ክፍልና መጸዳጃ ያስፈልጋል ማለት ነው። መጸዳጃ የሌለው መጠለያ ሴቶች የማይገቡበት መጠለያ ነው፤ ምሕንድስናው ምንም ያህል ቢያምር።

ኅዳር 5 ቀን 2000 ዓ.ም. (እ.አ.አ. 2007) ሲድር የተባለው ብርቱ ማዕበል ሲደርስ የሟቾቹ ቁጥር 3,400 ያህል ነበር። በግንቦት 2012 ዓ.ም. (እ.አ.አ. 2020) አምፋን ሲቃረብ በባንግላዴሽ ከ2 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ወደ መጠለያ የገባ ሲሆን፣ በዚያች አገር የሞቱት በአሥሮች የሚቆጠሩ ናቸው። ማዕበሎቹ በኀይልም ሆነ በደረሱበት ሥፍራ ስለሚለያዩ ቁጥሮቹን በቀጥታ ማወዳደር አይቻልም። ቢሆንም በሃምሳ ዓመት ውስጥ የመጣው ለውጥ በዕድል ብቻ የሚገለጽ አይደለም። ቤቶቹ፣ እርሻዎቹና ከብቶቹ ዛሬም በብዛት ይጠፋሉ፤ ከሞት የተረፈው ቤተሰብ ድኻ ሆኖ ይተርፋል። ይህ ገና ያልተፈታ ችግር ነው።

በሠፈራ ሥራ ላይ ላሉ ሰዎች አንድ ጉዳይ መጨመር ተገቢ ነው። በባንግላዴሽ ወንዞች አፍ ላይ ደለል እየተጠራቀመ «ቻር» የሚባል አዲስ ደሴት ይፈጠራል። ወደዚያ የሚገባው መሬት የሌለው ድኻ ነው። ቻሩ ለም ቢሆንም ዝቅተኛ ነው፤ ከዋናው ምድር በጀልባ እንጂ በእግር አይደረስበትም፤ ሠፋሪው ከሌላ አገር የመጣ ከሆነ የባሕሩን ጠባይ አያውቅም፣ በጎረቤቱም ዘንድ ገና አልታወቀም። እንዲህ ባለ ሥፍራ ሰውን የሚያሠፍር ወይም የሠፈረውን የሚረዳ መሥሪያ ቤት መሬቱን ሲያድል መውጫ መንገዱን፣ ጀልባውን፣ ከፍ ያለውን ሥፍራና ማስጠንቀቂያ የሚያደርሰውን ሰው አብሮ ሊሰጥ ይገባል።

መዝገቡም ቢሆን ጥንቃቄ ይሻል። የ1963ቱ ማዕበል የደረሰው በሩዝ አጨዳ ወቅት ነበር። ለአጨዳ ከሌላ አካባቢ የመጡት ቀን ሠራተኞች በየመንደሩ ነዋሪነት ያልተቆጠሩ በመሆናቸው፣ ከእነርሱ ስንቱ እንደ ጠፋ በትክክል ሊታወቅ አልቻለም። ስለሆነም የመጠለያ ቦታና የውሃ መጠን ለማስላት የቤተሰብ ዝርዝር የሚያዘጋጅ ሠራተኛ፣ በእያንዳንዱ ቤት ባለቤት ስም ሥር ለአጨዳ የመጣውን፣ ለዘመድ ጥየቃ የሰነበተውንና ተጠግቶ የሚኖረውን ሁሉ መጻፍ ይኖርበታል፤ ዝርዝሩንም በየወቅቱ መግቢያ ማደስ ያስፈልጋል።