መብቱና ወረቀቱ፦ በጉዞ ላይ የነዋሪነት ካርድ ሲጠፋ ወይም ጊዜው ሲያልፍ

ከጥቂት ዓመታት በፊት በአሜሪካ የሚኖሩ አንዲት እናት የወንድማቸውን ሞት ሰምተው ወደ አዲስ አበባ መጡ። ቀብሩ ተፈጽሞ፣ የሐዘኑም ቀናት አልፈው፣ ሊመለሱ ሦስት ቀን ሲቀራቸው በታክሲ ውስጥ የእጅ ቦርሳቸው ተሰረቀ። በቦርሳው ውስጥ ገንዘባቸው፣ የኢትዮጵያ ፓስፖርታቸውና «ግሪን ካርድ» በመባል የሚታወቀው የቋሚ ነዋሪነት መታወቂያቸው ነበሩ። ወደ ቁምስናችን ጽሕፈት ቤት መጥተው «አባ፣ እንግዲህ ልጆቼን የማያቸው በሕልሜ ብቻ ነው» ሲሉ አለቀሱ። አንዱ ጎረቤት «አዲስ ቪዛ እስኪወጣ ብዙ ዓመት ይፈጃል» ብሎ ተስፋ አስቆርጧቸዋል፤ ሌላው ደግሞ «ገንዘቡን ይስጡኝ እንጂ ወረቀቱን እኔ አስተካክልልዎታለሁ» ብሏቸዋል። ሁለቱም ተሳስተው ነበር።

ውድ አንባብያን፣ እንዲህ ያለ ችግር የደረሰበት ሰው አስቀድሞ የሚሮጠው ወደሚያምነው ሰው ነው። ይኸውም ብዙ ጊዜ የቁምስናው ካህን ወይም ካቴኪስት ነው። በመሆኑም በዚህ ትምህርት የአሜሪካን ቋሚ ነዋሪዎች ጉዳይ እንደ ምሳሌ ወስደን፣ ሰነድ ሲጠፋ ወይም ጊዜው ሲያልፍ ምን ማድረግ እንደሚገባ በቅደም ተከተል እንመለከታለን።

1. መብቱና ወረቀቱ አንድ አይደሉም

የሁሉም ነገር መሠረት ይህ ነው። የጋብቻ የምስክር ወረቀት በእሳት ቢቃጠል ጋብቻው አይፈርስም፤ የሚጎድለው ማስረጃው ብቻ ነው። እንዲሁም ግሪን ካርድ የነዋሪነት መብት ማስረጃ እንጂ መብቱ ራሱ አይደለም። መደበኛው ካርድ የሚያገለግለው ለ10 ዓመት ነው፤ ከዚያ በኋላ መታደስ አለበት። ነገር ግን የካርዱ ጊዜ ስላለፈ ብቻ መብቱ አይሻርም። መብቱ የሚቀረው በዳኛ ውሳኔ ሲነጠቅ፣ ባለመብቱ በፈቃዱ ሲተወው ወይም ኑሮውን ወደ ሌላ አገር በማዞሩ እንደተወው ሲቆጠር ነው።

ሆኖም አንድ ትልቅ ልዩነት አለ። በቅርብ ጊዜ በተፈጸመ ጋብቻ ምክንያት ነዋሪነት ያገኘ ሰው በመጀመሪያ የሚሰጠው ካርድ የ2 ዓመት ብቻ ነው። ይህ ሰው ካርዱ ከማብቃቱ በፊት ባሉት 90 ቀናት ውስጥ አይ-751 የተባለውን ቅጽ ማቅረብ ይኖርበታል። ይህን ካላደረገ የሚያልፈው የካርዱ ጊዜ ብቻ ሳይሆን መብቱም ጭምር ነው። ስለሆነም «ካርድ እንጂ መብት አያልፍም» የሚለው አነጋገር ለሁሉም እንደማይሠራ ልብ ልንል ይገባል።

2. አስቀድመን የምንጠይቃቸው ሦስት ጥያቄዎች

1ኛ/ ከአሜሪካ ከወጡ ስንት ጊዜ ሆነ?

ከ6 ወር በታች የቆየ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ብዙ ጥያቄ አይገጥመውም። ከ6 ወር በላይ ሆኖ አንድ ዓመት ያልሞላው መመለስ ይችላል፤ ግን ለምን እንደዘገየ ሊጠየቅ ይችላል፤ ወደፊት ዜግነት ሲጠይቅም የነዋሪነቱ ዘመን እንደተቋረጠ ሊቆጠርበት ይችላል። አንድ ዓመትና ከዚያ በላይ የቆየ ሰው ግን የካርዱ ቀን ባያልፍም እንኳ ካርዱ ብቻውን ለመመለሻ አያገለግለውም። ከመውጣቱ በፊት የመመለሻ ፈቃድ የሚባለውን ሰነድ ጠይቆ ከሆነ ግን እስከ 2 ዓመት ድረስ ሊቆይ ይችላል።

በዚህ ረገድ የዘመን አቆጣጠር ስሕተት ብዙዎችን ይጎዳል። ጊዜው የሚቆጠረው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው። በካርዱ ላይም አስቀድሞ የሚጻፈው ወሩ፣ ቀጥሎ ቀኑ ነው፤ ስለዚህ 03/09 ማለት ማርች 9 ነው እንጂ ሴፕቴምበር 3 አይደለም።

2ኛ/ ካርዱ ምን ዓይነት ነው? ጠፋ ወይስ ጊዜው አለፈ?

የ10 ዓመት ካርድ ኖሮት ጊዜው ያለፈበት፣ ከአንድ ዓመት በታች የቆየ ተጓዥ በካርዱ መሳፈር እንዲችል የአሜሪካ ሕግ አስከባሪዎች ለአየር መንገዶች ፈቅደዋል፤ ከኤምባሲ ልዩ ፈቃድ ማምጣት አያስፈልገውም። ይሁን እንጂ በአውሮፕላን ማረፊያ ተጓዦችን የሚመዘግበው ሠራተኛ ይህን ደንብ ላያውቅ ይችላል። ስለዚህ ከጉዞው ቀን አስቀድሞ ወደ አየር መንገዱ ቢሮ ሄዶ ማረጋገጥ ብልህነት ነው። የ2 ዓመቱ ካርድ ጊዜው ካለፈ ግን የካርዱን ዘመን የሚያራዝመው የመንግሥት ደብዳቤ አብሮ መያዝ አለበት።

3ኛ/ በየት በኩል ይጓዛሉ?

ይህን የሚጠይቅ ሰው ጥቂት ነው፤ ነገር ግን ብዙዎች የሚሰናከሉት እዚህ ላይ ነው። የሸንገን ስምምነት አባል በሆኑ የአውሮፓ አገሮች አውሮፕላን የሚቀይር የኢትዮጵያ ፓስፖርት ያዥ፣ ከአውሮፕላን ማረፊያው ባይወጣም እንኳ፣ የመተላለፊያ ቪዛ ይጠየቃል። ጊዜው ያላለፈ ግሪን ካርድ የያዘ ከዚህ ግዴታ ነፃ ነው። ስለሆነም ጊዜው ያለፈበት ካርድ በአሜሪካ በኩል ተቀባይነት ቢኖረውም በፍራንክፈርት ላይ ሊያስቀር ይችላል። እንዲህ ያለ ካርድ የያዘ ሰው በተቻለ መጠን በሌላ አገር አውሮፕላን ሳይቀይር ከአዲስ አበባ ወደ አሜሪካ የሚያደርስ በረራ ቢመርጥ ይሻለዋል።

3. ካርዱ ለጠፋበት ወይም ለተሰረቀበት ሰው

ሀ/ በአቅራቢያው ለሚገኝ ፖሊስ ጣቢያ አመልክቶ የጽሑፍ ማስረጃ ይቀበል።

ለ/ ፓስፖርቱም ከጠፋ በኢትዮጵያ ውስጥ ለኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤት፣ በውጭ አገር ከሆነ በአቅራቢያው ላለው የኢትዮጵያ ኤምባሲ ያመልክት። «ሊሴ ፓሴ» የሚባለው ጊዜያዊ ሰነድ ግን ወደ ኢትዮጵያ ለመመለስ የሚረዳ ነው እንጂ የፓስፖርትን ሥራ ሁሉ አይሠራም።

ሐ/ በኢንተርኔት አይ-131ኤ ለተባለው ቅጽ የሚከፈለውን ክፍያ ፈጽሞ፣ ደረሰኙን፣ የተሞላውን ቅጽና ፎቶግራፉን ይዞ በአካል ወደ አሜሪካ ኤምባሲ ወይም ቆንስላ ይቅረብ። ይህ መንገድ የተዘጋጀው ካርዱ ጠፍቶበት ከአንድ ዓመት በታች ለቆየ፣ ወይም የመመለሻ ፈቃዱ ጠፍቶበት ከ2 ዓመት በታች ለቆየ ሰው ነው። የቆንስላው ሹም ማስረጃውን መርምሮ ካመነበት ለአንድ ጉዞ የሚያገለግል የመሳፈሪያ ፈቃድ ይሰጣል።

መ/ ከተመለሰ በኋላ ሳይዘገይ አይ-90 በተባለው ቅጽ አዲስ ካርድ ይጠይቅ። ዕድሜው 18 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆነ ነዋሪ ሁሉ ካርዱን ሁልጊዜ እንዲይዝ ሕጉ ያስገድዳልና።

4. ከአንድ ዓመት በላይ የቆየ ሰውስ?

ወላጅን ለማስታመም መጥቶ፣ ራሱ ታሞ፣ ወይም መንገድ ተዘግቶበት ዓመቱ ያለፈበት ሰው አለ። ለእንዲህ ያለው የተመላሽ ነዋሪ ቪዛ (ኤስቢ-1) የሚባል በር ተከፍቶለታል። ዲኤስ-117 የተባለውን ቅጽ ሞልቶ ለኤምባሲው ሲያቀርብ ሦስት ነገሮችን ማስረዳት አለበት፦ ሲወጣ ሕጋዊ ነዋሪ እንደነበረ፣ የመመለስ ሐሳቡን ፈጽሞ እንዳልተወ፣ የዘገየውም ከአቅሙ በላይ በሆነ ምክንያት እንደሆነ። እዚህ ላይ ቃል ብቻ አይበቃም። የሐኪም ማስረጃ፣ የአሜሪካ የግብር ሰነድ፣ የቤት ኪራይ ወይም የባንክ ወረቀት ያስፈልጋል። ማስረጃው ካልበቃ ጥያቄው ውድቅ ሊሆን እንደሚችል ከወዲሁ ማወቅ ይገባል።

በዚሁ አጋጣሚ አንድ ማስጠንቀቂያ እንጨምር። አይ-407 የተባለ ቅጽ አለ፤ ይህም «የነዋሪነት መብቴን በፈቃዴ ትቻለሁ» ብሎ የሚፈረምበት ነው። በረጅም መንገድ የደከመ፣ ቋንቋውን በሚገባ የማይረዳ አረጋዊ በድንጋጤ ሊፈርመው ይችላል። ማንም ሰው ይህን ቅጽ የመፈረም ግዴታ የለበትም፤ ጉዳዩ በኢሚግሬሽን ዳኛ ፊት እንዲታይለት የመጠየቅ መብት አለው። ያልተረዱትን ወረቀት አለመፈረም አመፅ አይደለም።

5. ሳይቃጠል በቅጠል

ከሁሉ የሚሻለው አስቀድሞ መጠንቀቅ ነው። ስለዚህ ወደ ውጭ የሚሄዱ ቤተሰቦቻችንን የሚከተለውን እንምከራቸው።

• ትኬት ከመግዛት በፊት የካርዱንና የፓስፖርቱን ቀን መመልከት። ካርዱ ሊያበቃ 6 ወር ሲቀረው ጀምሮ ማሳደስ ይቻላል። እ.ኤ.አ. ከሴፕቴምበር 2024 ጀምሮ ለእድሳት ያመለከተ ሰው የሚሰጠው ደብዳቤ የ10 ዓመቱን ካርድ ዘመን ለ36 ወር የሚያራዝም ሆኗል። ደብዳቤው ከአሮጌው ካርድ ጋር አብሮ መያዝ አለበት።

• ጉዞው አስቸኳይ ሆኖ ካርድ በእጅ ከሌለ፣ ከአሜሪካ ሳይወጡ በኢሚግሬሽን ቢሮ በፓስፖርት ላይ ጊዜያዊ የነዋሪነት ማኅተም ማስመታት ይቻላል።

• ረጅም ቆይታ የሚታሰብ ከሆነ የመመለሻ ፈቃዱን አሜሪካ ውስጥ ሳሉ መጠየቅ። ከወጡ በኋላ ማመልከቻውን ማስገባት አይቻልም።

• የካርዱንና የፓስፖርቱን ቅጂ ለሚያምኑት ዘመድ መተው፤ ዋናዎቹንም በአንድ ቦርሳ አብሮ አለማስቀመጥ። በካርዱ ላይ የሚገኘውን የመለያ ቁጥር ለብቻው ጽፎ መያዝ።

• ልጅ 14 ዓመት ሲሞላው ካርዱ በአዲስ እንዲለወጥ ማመልከት እንደሚያስፈልግ ማስታወስ።

• ቅጽ በመሙላት ረገድ ከታወቀ ጠበቃ ወይም ፈቃድ ካለው አማካሪ በስተቀር «እኔ አውቃለሁ» ለሚል ደላላ ገንዘብ አለመስጠት። ሐሰተኛ ሰነድ ያቀረበ ሰው ባለመብት ሳለ መብቱን በገዛ እጁ ያጠፋል።

ማጠቃለያ

ያቺን እናት ስንጠይቃቸው ከወጡ ገና ሰባት ሳምንታቸው ነበር፤ የካርዳቸውም ቅጂ በልጃቸው እጅ ተገኘ። የፖሊስ ማስረጃ አወጡ፤ ፓስፖርታቸውን ተኩ፤ በልጆቻቸው እርዳታ ክፍያውን ፈጽመው ኤምባሲ ቀረቡ። ጥቂት ሳምንታት ዘግይተውም ቢሆን ወደ ቤታቸው ገቡ። ለዚያ ሰውዬ ገንዘቡን ሰጥተው ቢሆን ኖሮ ግን ምናልባት ያ ፍርሃታቸው እውነት በሆነ ነበር። ከእኛ የተጠየቀው ትልቅ ነገር አልነበረም፤ አስቀምጦ ማረጋጋት፣ «መቼ ወጡ? ምን ጠፋ? ቅጂ አለ?» ብሎ መጠየቅ፣ ትክክለኛውንም በር ማሳየት ነበር። ይህን ማድረግ ሁላችንም እንችላለን።

ለውይይት የሚረዱ ጥያቄዎች

1. የነዋሪነት መብትና የነዋሪነት ካርድ በምን ይለያያሉ? የ2 ዓመት ካርድስ ከ10 ዓመቱ በምን ይለያል?

2. አንድ አረጋዊ ከአሜሪካ መጥተው 13 ወር ቆይተዋል፤ የካርዳቸው ቀን ግን አላለፈም። ምን ትመክሯቸዋላችሁ? ምን ዓይነት ማስረጃስ ያስፈልጋቸዋል?

3. በአካባቢያችሁ በተጓዦች ጭንቀት የሚነግዱ ሰዎች አሉ? ቁምስናችሁ ምእመናንን ከእነርሱ ለመጠበቅ ምን ሊያደርግ ይችላል?